ዋናው አንሶላ

ቆቦ ውስጥ ጀልባ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ጉራ የሚነፋ ሰው ካለ ጤናውን መጠየቅ ነው። የኛ ከተማ ውሃ በቦቴ የምትጠብቅ ከተማ ናት። ወንዞቻችን ክረምት ላይ ሳይጠሩ መጥተው ማሳውን ጠራርገው ይሄዳሉ፤ በጋ ሲሆን ደግሞ አሸዋቸውን ትተውልን ደብዛቸው ይጠፋል። እዚህ አገር ጀልባ ገዛሁ ማለት መላጣ ሰው ሚዶ ገዛ እንደማለት ነው። ታዲያ ምን ነካህ ትሉኝ ይሆናል። አትቸኩሉ፣ ልነግራችሁ አይደል የተቀመጥኩት!

ሥራዬ ገመድ መሸጥ ነው። የናይለን ገመድ፣ የቃጫ ገመድ፣ ሸራ፣ ጆንያ፣ ጀሪካን፣ ገመድ የሚሽከረከርበት የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ካሩኮላ፣ ሁሉም አለኝ። ከሮቢት የመጣ ገበሬ በሬውን የሚያስርበትን፣ ከጎብዬ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን የሚጠፍርበትን ከኔ ነው የሚወስደው። የዚህን አገር ከብትና ጭነት ሁሉ አስሬ የማሳድር ሰው ነኝ። የገዛ ሚስቴን ግን ቤቷ ማቆየት አልቻልኩም።

ሚስቴ ከድጃ ጅዳ ናት። ሁለት ዓመት ሠርታ ቤታችንን ቆርቆሮ አልብሳ ልትመለስ ነው የሄደችው። ቆርቆሮው ለበሰ። «በሩ ይቀራል» አለች፤ የብረት በር ተገጠመ። «ሊሾው ይቀራል» አለች፤ ሊሾውም ሆነ። አሁን ቤቱ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት እሷ ብቻ ቀርታበታለች። ማታ ማታ አዲሱን በር ከውስጥ ስቆልፈው ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ ሶላቴን ሰግጄ እተኛለሁ። ናፍቆት በሽታ ነው ይላሉ። በሽታማ ቢሆን ጤና ጣቢያ እሄድ ነበር።

አርብ አርብ ትደውላለች። ትደውልና ስለ ባሕር ታወራኛለች። «ዛሬ ደግሞ ባሕሩ ዳር ወርደን ነበር» ትለኛለች። «ነጫጭ ሸራ ያላቸው ትንንሽ ጀልባዎች አሉ፣ ነፋሱ ሲነካቸው ጋደል ይሉና ደግሞ ቀና ይላሉ። ብታያቸው! አየሩስ ብትል፣ ልብ ያርሳል።» ይህን ብላ «ቆቦ እንዴት ናት?» ትለኛለች። ምን ልበላት? «አቧራው ትንሽ ቀንሷል» እላታለሁ። አልቀነሰም። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በባሕር ቀናሁ። ወላሂ በቀይ ባሕር ቀናሁ!

አሁን ደግሞ ኮንትራቷ ሊያልቅ ሆነ። «ላድሰው ወይስ ልምጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ አንድ ወንድ ልጅ «ነይ!» ማለት ነው ያለበት። እኔ ግን፣ ልቤ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለ፣ አፌ «እንደ ፈቀድሽ» አለ። ባሕር የለመደች ሴት አቧራ ውስጥ ነይ ብዬ ባስመጣትና ቢከፋትስ? መጀመሪያ የምትመጣበት ነገር ይኑር አልኩ። ይህን ባልኩ ሳምንት ነው እንግዲህ ጀልባዋ የተገኘችው።

አንድ ሥራውን ጨርሶ የሚዘጋ ፕሮጀክት የመጋዘን ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ አሮጌ ሸራ ልገዛ ሄድኩ። ሸራው ሲነሣ ከሥሩ ጀልባ ብቅ አለች። ሐሸንጌ ሐይቅ ላይ ሊሠሩባት ነው ያመጧት አሉ፤ ምን እንደሠሩባት ግን የሚያውቅ የለም። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ሁለት ሰው ታስቀምጣለች፣ ምሰሶዋና ሸራዋ አብሯት ተጠቅልሏል። ጨረታ መሪው «ይህንንስ የሚደፍር?» ብሎ ሲስቅ እጄ ወጣ። ሐሸንጌ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ዋጃን አልፎ፣ አላማጣን አልፎ፣ ያንን ዳገት ጨርሶ፣ ከኮረም ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ከድጃን አስቀምጬ፣ ሸራውን ገልጬ፣ «ባሕርሽ ይኸው» የምላት ታየኝ። ጎረቤቴ ኪሮስ «ለፍየል ውሃ ማጠጫ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ኪሮስ ጎሚስታ ነው፣ ሱቁ ከሱቄ ጎን ነው። ቤተሰቦቹ ከወዲያ ከትግራይ በኩል መጥተው እዚህ የኖሩ ናቸው፤ ሲደነግጥ «እዋይ!» ይላል፣ ሰው ሲያዝን «አጆኻ» ይላል፣ ሲከራከር ግን በጎማ ነው የሚከራከረው። ጀልባዋን በባለ ጎማ ጋሪው ግቢዬ ድረስ ያመጣልኝ እሱ ነው። ምሰሶውን አቆምን፣ ሸራው የሚዘረጋበትን አግዳሚ እንጨት ገጠምን። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን አግዳሚ ይዞ ሸራውን የሚሰበስበውና የሚለቀው ገመድ። እንዴ! ገመድ ለኔ? እየሳቅኩ ሱቅ ሄጄ ከምርጡ ቆርጬ መጣሁ። መጣሁና ቆምኩ። ጀልባዋ ጅራቷ ላይ የብረት ቀለበት አላት፤ ወለሏ መሃል ላይም ቀለበት አላት። አንዱ ባለቤቷ ከኋላ፣ አንዱ ከመሃል ሲያስራት ኖሯል። የቱ ነው ትክክሉ?

«ከመሃል ነዋ» አለ ኪሮስ። «የሚሽከረከር ነገር ሁሉ መሃሉ ነው የሚያዝ። ጎማ አላየህም?»

በዚህ መሃል አያ ሰይድ ገቡ። አያ ሰይድ ከአፋር በኩል በግመል ጨው ሲያመላልሱ ያረጁ፣ ዛሬም የግመል ገመድ ከኔ በቀር ከማንም የማይገዙ ሰው ናቸው። ጀልባዋን ዞሩ፣ በበትራቸው ጎኗን መታ መታ አደረጓት።

«ግመል ከፊት ትሳባለች፣ አህያ ከኋላ ትነዳለች» አሉ። «እንግዲህ ይቺ ግመል ናት ወይስ አህያ?»

«አያ ሰይድ፣ ጀልባ ናት እኮ» አልኳቸው።

«ጀልባነቷንማ አየሁ። ጠባይዋን ነው የጠየቅኩህ።»

እኔ ጠባይዋን ከየት አውቄ! ሁለቱ ተያያዙ። ጉዳዩ ሻይ ቤት ደረሰ፣ ከሻይ ቤት ገበያ ወጣ፤ ከተማው «የጅራት» እና «የሆድ» ተብሎ ተከፈለ። ጀልባ በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ሰው በጀልባ እንዲህ ይጣላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጤፍ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይቀር ግቢዬ ብቅ ብሎ፣ አይቶ፣ «ከኋላ» ብሎኝ ጤፉን ሊገዛ ይሄዳል።

ግራ ሲገባኝ ስልኬን አወጣሁ። ስለነዚህ አሮጌ ጀልባዎች የሚያወራ የፈረንጅ ጽሑፍ አገኘሁና ስልኩን «ወደ አማርኛ ቀይርልኝ» አልኩት። ቀየረ። ሥዕሉ በኔትወርክ ምክንያት አልከፈት አለ እንጂ ጽሑፉ ጥርት ብሎ መጣ። ለኪሮስና ለአያ ሰይድ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦

«ለአሮጌ ጀልባ ዋና አንሶላ መምረጥ ከባድ ነው። ዋናውን አንሶላ በብሎኬት ውስጥ አሳልፍ። በነፋስ ጊዜ አንሶላውን በእጅህ ያዝ። አደጋ ከመጣ አንሶላውን ልቀቅ።»



«የዋና አንሶላ?» አሉ አያ ሰይድ። «ለዋና የሚሆን ማለት ነው? ሰው ሊዋኝ ሲገባ ያሸርጠዋል፣ ሲወጣ ይደርቅበታል። ደግ ሐሳብ ነው። ዓውራን፣ ኀፍረትን ማለት ነው፣ መሸፈን ነው።»

«የለም የለም» አለ ኪሮስ። «ዋና አንሶላ ማለት ዋነኛው፣ የቤቱ ትልቁ አንሶላ ማለት ነው። ሸራው መሃሉን አይጥ በልቶት የለም? በአንሶላ ለጥፉት ማለቱ ነው። ብሎኬቱም ገብቶኛል። ብሎኬት ቀዳዳ አለው፤ የአንሶላው ጫፍ በቀዳዳው ያልፋል፣ ክብደቱ ይይዘዋል።» ይህን ብሎ ሄደና ካስጀመረው አጥር ላይ አራት ብሎኬት በጋሪ ጭኖ መጣ።

እኔ በኪሮስ ሐሳብ ተስማማሁ። እኔ! ሸራና ገመድ ስሸጥ ጢሜ የሸበተ ሰው! ግን ለምን እንደተስማማሁ ልንገራችሁ፤ «ቤት»፣ «አንሶላ» ሲባል ከድጃ ትዝ አለችኝ። የምደውልበት ምክንያት አገኘሁ። አርብ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶኝ ነበር።

ደወልኩ። ወዲያው አነሣች።

«ከድጃ፣ ቤት ካሉን አንሶላዎች ዋናው የቱ ነው?»

«ምን አልከኝ?»

«ዋናው። ያ ከጅዳ የላክሽው ባለ ጽጌረዳው ነው አይደል? የሣጥኑ ቁልፍ የት ነው?»

«አንሶላውን ምን ልታደርገው ነው?»

እንግዲህ እኔ ጀልባዋን በድንገት ላሳያት ነው ሐሳቤ፤ ደብቄያታለሁ። ስለዚህ በጣም ብልህ በመሆን እንዲህ አልኳት፦ «አሁን አልነግርሽም። ስትመጪ ታያታለሽ።»

«ማንን ነው የማያት?»

«እ… ትንሽ አርጅታለች። ግን ቅርጿ ሸጋ ነው። እዚሁ ግቢ ውስጥ ናት።»

ስልኩ ተዘጋ። «ይሄ ኔትወርክ!» አልኩ። ቁልፉንም ራሴ ፈልጌ አገኘሁት።

በማግስቱ ባለ ጽጌረዳውን አንሶላ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣሁት፤ ሣጥን ውስጥ ስለቆየ ነፋስ ይምታው ብዬ ነው። ከድጃ ስትመጣ አብረን እንጀምረዋለን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላነጠፍኩትም ነበር። አላፊ አግዳሚው የግቢው በር ገርበብ ሲል አየ፤ አንሶላ ተሰጥቷል፣ ብሎኬት ገብቷል፣ አንድ አልጋ የሚያህል ነገር በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። እኔ ደግሞ ዙሪያውን እየዞርኩ በክንድ እለካለሁ። ሰው የፈለገውን ቢያስብ ይፈረድበታል?

ከሦስት ቀን በኋላ አያ ሰይድ ሱቅ መጥተው ሁለት እጄን ያዙኝ። «አብሽር» አሉኝ። «ሰው ብቻውን አይኖርም፤ አላህም ፈቅዷል። ኒካሁ መቼ ነው?»

«የማን ኒካህ?»

«ያንተ ነዋ! አገር ያወራው አይደል? ቤት ልትቀጥል ብሎኬት አስገብተሃል አሉ፤ አልጋ አሠርተሃል አሉ፤ አንሶላውንም አየነው። ጀልባዋማ ለሽፋን ናት ይላል ሰው፤ እኔ አንሶላው ለሷ ነው ብል ማን ይመነኝ? ሴትዮዋ ከዋጃ ናት አሉ፤ ትንሽ ጠና ያለች።»

ያን ጊዜ ያ የስልክ ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጆሮዬ ላይ ተንቃጨለ። አርጅታለች። ቅርጿ ሸጋ ነው። ግቢ ውስጥ ናት። ኧረ በአላህ! ሱቁን ሳልዘጋ ደወልኩ። አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አታነሣም። ድምፄን ቀርጬ ላክሁ፦ «ከድጃ፣ ጀልባ ናት!» አልኳት። ቆይቼ ራሴ መልሼ ስሰማው እኔም አላመንኩትም። የትኛው የቆቦ ሰው ነው ለሚስቱ «ጀልባ ናት» ብሎ የሚታመነው? የኛ ከተማ ወሬ ደግሞ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ እኔ ሳልሰማው ጅዳ ደርሶ ነበር። ጅዳ ያሉት የሮቢትና የጎብዬ ልጆች ሁሉ ከድጃን እየደወሉ አጽናንተዋታል አሉ። አርብ መጣ፣ አልደወለችም። በረንዳው ላይ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ስለ ባሕሩም ቢሆን ታውራኝ ነበር እንጂ! እንደዚያን ቀን ባሕር ናፍቆኝ አያውቅም።

ሌላው አርብም እንዲሁ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት፣ መልእክት ልካ እንደሁ ብዬ ስልኬን ስከፍት፣ ያ አልከፈት ብሎ የነበረው ሥዕል ተከፍቶ አገኘሁት። ጀልባ ነው፤ እያንዳንዱ አካሉ በቀስት ተጠቁሞ ስም ተጽፎበታል። «ዋና አንሶላ» ከሚለው ላይ ቀስት ይነሣና፣ ይሄድ ይሄድና፣ ገመድ ላይ ያርፋል።

ገመድ! የሸራውን አግዳሚ የሚጎትተው ገመድ! ፈረንጅ ያንን ገመድ በአንሶላ ስም ነው የሚጠራው። «ብሎኬት» ያለው ደግሞ ካሩኮላ ነው፤ ሱቄ ውስጥ በካርቶን የተቀመጠው። ሰው ገመድ ላይ ተቀምጦ፣ ገመድ እየሸጠ፣ ስለ ገመድ የተጻፈ አንብቦ፣ አንሶላ ፍለጋ ይሄዳል? ሄድኩ። ትዳሬንም ይዤ ሄድኩ።

ከሥዕሉ ሥር ትንሽ ጽሑፍ ነበረች። ለኪሮስ አሳየሁት፤ ቀስ ብሎ አነበባት፦ «ብቻህን የምትቀዝፍ ከሆነ ከመሃል እሰረው፣ ለመቆጣጠር ይመችሃል። አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ካለ ግን ከኋላ እሰረው፣ መሃሉ ለሰው ክፍት ይሆናል።»

«በቃ፣ ተገላገልን» አለ ኪሮስ። «አልኩህ አይደል ከመሃል ነው። ብቻህን አይደለህ?»

ኪሮስ ክፉ ሰው አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን እዚያው ብሎኬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ገመዱን ከመሃል ባስረው «አትመጣም» ብዬ በገዛ እጄ መፈረሜ ነው። ከኋላ ባስረውና ባትመጣስ? ያንን ባዶ መቀመጫ ይዤ ሐሸንጌ ላይ ምን ልሆን ነው? ኪሮስ ሁኔታዬን አየና «አጆኻ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ነገሩን የቆረጡት አያ ሰይድ ናቸው። «ጭነት ሳይጫንባት ግመል አትገዛም» አሉ። «ከኋላ እሰራትና ትሞከር። ውሃ ባይኖር ነፋስ አለ።» ነፋስማ አለን! ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋሳችን ቆርቆሮ ያነሣል። ለሸራው ቀዳዳ ባለ ጽጌረዳውን አንሶላ ወስጄ ለልብስ ሰፊ ሰጠሁና አስለጠፍኩበት። መቼስ ከሣጥን ወጥቷል፤ ማንም ሰው እንደማይተኛበት አገር ይወቅልኝ ብዬ ነው። ጀልባዋን ከነምሰሶዋ በኪሮስ ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ጠፍረን ዋጃ መውጫ ያለው ሜዳ ላይ አወጣናት። ገበያው ተከትሎን ወጣ። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ።

እኔ ኋላ ላይ ገመዱን ይዤ ተቀመጥኩ። አያ ሰይድ «ጭነት እኔ ነኝ» ብለው በትራቸውን ይዘው መሃል ላይ ተቀመጡ። ኪሮስ ከጎማው ሥር የተወተፈውን ድንጋይ አነሣ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሰው መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ጽጌረዳዎቹ ተነፉ፣ ጋሪው ሲጢጥ አለ፣ ሜዳውም ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። እሰይ! እየሄድን ነው! ለአፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ነፋሱ ፊቴ ላይ፣ ሸራው ጋደል ብሎ፣ ከድጃ የምትለው ነገር ገባኝ። «ልብ ያርሳል» ብዬ ጮህኩ። ቀጥሎ ዋናው አውሎ መጣ።

«ልቀቅ!» አለ ኪሮስ ከኋላ እየሮጠ። «አንሶላውን ልቀቅ!»

ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ያጠብቃል እንጂ መች ይለቃል? እኔ ጭራሽ ገመዱን ክንዴ ላይ ጠመጠምኩት። ጋሪው በረረ። የአያ ሰይድ የገዛ ግመሎቻቸው ሜዳው ዳር ነበሩ፤ ጌታቸው ባለ አበባ ሸራ ሥር ተቀምጠው ሲበሩ ሲያዩ ጊዜ በጥሰው ጠፉ። አያ ሰይድ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ምሰሶውን አቅፈዋል። የማሽላው አጥር መጣ፤ ሄደ። ከዚያ መሬቱ አለቀና ቁልቁል ወረድን፣ የደረቀው ወንዝ ውስጥ አሸዋው ላይ ገብተን በጎን ተዘረጋን። ጀልባዬ በመጨረሻ ወንዝ ደረሰች፤ ውሃው ነበር የቀረው።

ሰው ሲደርስ አያ ሰይድ ተነሥተው ጥምጣማቸውን አራገፉ፣ በትራቸውን አነሡ፣ ጀልባዋን ቁልቁል አዩዋት።

«አህያ ናት» አሉ። «ከኋላ ይሁን።»

በዚያው ቀን ማታ፣ ክንዴን ዘይት እየቀባሁ ስልኬ ጮኸ። ከድጃ! አነሣሁት፣ ድምፅ የለም። የምታለቅስ መሰለኝ። ጆሮዬን ስደቅን እየሳቀች ነው፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው የምትስቀው።

«ያ በገመድ የተንጠለጠልከው አንተ ነህ?» አለችኝ። «ቪዲዮውን ሁሉም ሰው ላከልኝ። ወላሂ ሁሉም! አያ ሰይድንስ ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ደህና ናቸው። ግመሎቻቸውም ተገኝተዋል።»

«አንሶላዬን አወቅኩት። ባለ ጽጌረዳው ነው።»

«ዋናው ነው» አልኳት።

ደግማ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሄደች ወዲህ አልሰማሁትም ነበር፤ በስልክ ስናወራ እኮ እኔም እሷም እንሣቀቃለን እንጂ አንስቅም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስልኩ እንዴት እንደተረጎመው፣ ብሎኬቱን፣ ጅራትና ሆድ ተብሎ የተከፈለውን አገር። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ለምን ነው ግን ይህን ሁሉ ያደረግኸው?»

«አንቺ ባሕር ለምደሻል» አልኳት። «መጥተሽ አቧራ ብቻ እንዳታዪ ብዬ ነው።»

«ሃሎ? ከድጃ?» አልኩ፣ ኔትወርኩ መስሎኝ። ኔትወርኩ አልነበረም።

«እኔ ባሕሩን አይቼው አላውቅም» አለችኝ።

«አርብ አርብስ?»

«አርብ እንግዳ ይበዛል፣ ከኩሽና አልወጣም። የማዳም ልጆች ናቸው የሚሄዱት። ሲመለሱ ልብሳቸውን አራግፋለሁ፣ አሸዋ ይወጣዋል። ሲያወሩ የሰማሁትን ነው የምነግርህ። አንተ ‹ዛሬስ ወጣ አልሽ?› ስትለኝ ምን ልበልህ? እንዳታዝን ብዬ ነው።»

 ይህን ሁሉ ጊዜ የቀናሁበት ባሕር ከልጆች ልብስ የተራገፈ አሸዋ ኖሯል።

«ነይ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። «ከድጃ፣ ነይ በቃ። ሐሸንጌ እወስድሻለሁ። ባይሆንም እዚሁ ግቢ ውስጥ እንቀመጥባታለን። ነይልኝ።»

«ምነው ያኔ ስጠይቅህ እንዲህ ብትለኝ!» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ፈረምኩ እኮ። የአንሶላውን ወሬ የሰማሁ ዕለት ተናድጄ ፈረምኩላቸው። ሌላ ሁለት ዓመት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አወራን፤ ምን እንዳወራን ግን ለናንተ አልነግርም።

ጀልባዋን ከወንዙ አውጥተን ግቢ መልሰናት ነበርና፣ ሰኞ ጠዋት ኪሮስ መብሻውን ይዞ የገመዱን ካሩኮላዎች ለዘለቄታው ሊገጥምልኝ መጣ። የከድጃን ነገር አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ከፊቴ አንብቦታል መሰለኝ አልቀለደም። ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ተንበረከከና ቀና ብሎ አየኝ።

«እና የት ልምታው?» አለኝ። «ከመሃል ይሁን ወይስ? መቼስ ብቻህን ነህ።»

«ለጊዜው ነው» አልኩት። «ከኋላ ምታው።»